ውሃ ለሚጾሙት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የድንጋይ ከሰል ማዕድናችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለአቶ አርጊሪስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ኩላሊትዎ፣ ጉበትዎ፣ ቆዳዎ ደኅና ነው ወይ? የሚጠጡት ውሃ በጠርሙስ ታሽጎ ስለሚመጣልዎ እንኳ ብዙም አልሰጋሁም። እኛ የማዕድኑ ጎረቤቶች ግን ስለሚከተሉት ውለታዎችዎ ልናመሰግንዎ እንወዳለን።

፩ኛ፦ ማንም ሳይጠይቅዎ የጉድጓዳችንን ውሃ ስላበለጸጉልን። ከተሰሎንቄ የመጡ መርማሪዎች «ክሮሚየም፣ ኒኬልና አርሴኒክ አለበት» ሲሉን፣ ድሆች ነን እያልን ማማረራችን አሳፈረን። ለካ ማዕድኑን የምንጠጣው እኛ ነን።

፪ኛ፦ ለጥምቀት በዓል ቡና ቤቴ ድረስ መጥተው «ውሃው ንጹሕ ነው፤ ወሬ አትስሙ» ብለው ስላጽናኑን። ኩላሊታቸው ከድቷቸው ለእጥበት ከተማ የሚመላለሱት ጎረቤቴ እመት ቫያ፣ ከገዛ ጉድጓዳቸው በብርጭቆ ቀድተው «እንካ ልጄ፣ ብዙ ተናገርክ፤ ጉሮሮህን አርጥብ» ሲሉዎ፣ ክቡርነትዎ «ይቅርታ እናቴ፣ ጾመኛ ነኝ» አሉ። ቄሳችን «ዛሬ እኮ በዓል ነው፤ ጾሙን ማን አወጀው?» ብለው ግራ ተጋቡ። እመት ቫያ ግን አልተቀየሙም። ብርጭቆውን ፊትዎ አስቀምጠው «እንግዲያው ጾምህን እስክትፈታ እጠብቅሃለሁ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ክቡርነትዎ ያን ዕለት በጓሮ በር የወጡበት ቅልጥፍና እስከ ዛሬ ይወራልዎታል።

፫ኛ፦ እመት ቫያ በሰሞነ ሕማማት ሲያርፉ ስለላኩልን የአበባ ጉንጉን። እውነቱን ልንገርዎ፤ እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። ሐኪሙ «ከዚያ ጉድጓድ አትጠጪ» ብለዋቸው ነበር፤ ሌላ ውሃ ግን ከየት ይምጣ? ልጃቸው ዶምና ጉንጉኑን አንሥታ ለሾፌርዎ መለሰችና «ውሰድላቸው፤ ለሚቀጥለው ሟች ያስፈልጋቸዋል» አለችው።

ከቀብር እንደወጣን ወደ ቤታችን አልሄድንም። ወደ ማዕድኑ በር የሚወስደውን መንገድ በትራክተሮቻችን ዘጋነው። ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነበር፦ የሚጠጣ ውሃ። ክቡርነትዎም በማግስቱ የውሃ ቦቴ እንደሚልኩ ቃል ገቡልን፤ ስለ ፍጥነትዎ በእጅጉ እናደንቅዎታለን።

ዕድሜዎን ያርዝምልን እያልኩ፣ በጎረቤትነትዎ ኩራትም ራስ ምታትም የሚሰማኝ፣

ዚሲስ፣ ባለ ቡና ቤቱ

ማስታወሻ፦ ቦቴው ደርሷል። መንገዱን ልንከፍት ትራክተሮቹን አስነሥተን ሳለ፣ ዶምና የቦቴውን ሾፌር «ለመሆኑ ከየት ቀዳኸው?» አለችው። እርሱም ምስኪን፣ «ከየት ይሆናል እህቴ? ከማዕድኑ ጉድጓድ ነዋ!» አላት። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍተናል። መንገዱ ተከፍቶ ማለፍ ከፈለጉ፣ እርስዎ ራስዎ ከቦቴው አንድ ብርጭቆ ሊጠጡ እንዲመጡ በታላቅ አክብሮት ጋብዘንዎታል።