የእናትሽ ብስክሌት

ልጄ ሀሌሉያ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እዚህ ሴቻ ደህና ነን።

መኪናውን ሸጥኩት። እናትሽ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በራሷ መሄድ ስላለባት ብስክሌት እያስተማርኳት ነው። ኮርቻውን ይዤ ከኋላ ስሮጥ «እየተናገርክ ሩጥ፤ ዝም ካልክ እወድቃለሁ» ትለኛለች። እኔም «ቀና በይ፤ መሬት ላይ ምን ወድቆብሽ ነው?» እያልኩ እቆጣለሁ።

ትናንት በምንለማመድበት ሜዳ መሃል ትንፋሽ አጠረኝና ዝም አልኩ። አልወደቀችም። መዞር ሳላስተምራት ራሷ ዞራ ተመልሳ መጣች። መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

«ጫማዬን እያሰርኩ ነው።»

ማሰሪያ የሌለውን ጫማዬን አየችው። ዛሬ እንዳልሮጥ ከለከለችኝ፤ ጥላ ስር ተቀምጬ እንድቆጣ ብቻ ፈቀደች።

የጫኖ ማንጎ ወቅት ሳያልፍ ነይ፤ መምጣትሽን ለከርሞ አታሳድሪው። እስክንገናኝ ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

አባትሽ ብርሃነመስቀል