ለብስኩቶቹ ደጋፊ ፍለጋ

ረቡዕ

ቲሸርቱ አለቀ፣ ደጋፊ ግን የለም። ባዶ ካርቶኖቹን ተሸክሜ ስመለስ ባለሞተሩም ባለባጃጁም የክለባችንን ሰማያዊ ቲሸርት ለብሷል። ደስ ብሎኝ አንዱን ባለሞተር “እሁድ እንገናኝ!” አልኩት።

“የት?”

“ስታዲየም ነዋ!”

“ኧረ እህቴ፣ እኔ ለሥራ ነው የለበስኩት። ይሄ ዘይት ቢነካው አያሳዝንም።”

ምን ይፈረድበታል። የከተማው ክለብ እያለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ብስኩት ፋብሪካ የሌላ ከተማ ክለብ ገዝቶ፣ ስም ቀይሮ፣ “የሶዶ ኩራት” ብሎ ቢለጥፍ ማን ይሰማዋል? ሰው “ብስኩቶቹ” ነው የሚላቸው። ኳስ ባመለጣቸው ቁጥር ከጥላ ፎቅ “ሻይ አምጡ!” ይባላል። እኔ እንግዲህ የብስኩቶቹ የደጋፊዎች አስተባባሪ ነኝ። አባዬ የከተማው ክለብ ሲሸነፍ እራት የማይበላ ሰው ነው። ስለ ሥራዬ ሲጠይቁት “ፋብሪካ ነው” ብሎ ወሬ ይቀይራል።

ማታ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ደወሉ። እሁድ የፋብሪካው ባለቤት ጨዋታውን ሊያዩ ይመጣሉ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ክለቡ ሶዶን ለቆ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት።

ሐሙስ

እስካሁን የሞከርናቸው፦ ነጻ ትኬት (ወሰዱ፣ አልመጡም)። ነጻ ብስኩት (መጡ፣ በልተው ከዕረፍት በፊት ወጡ)። ሙዚቃ (ባለኪቦርዱ የከተማው ክለብ ደጋፊ ነው፣ እምቢ አለ)።

ከሰዓት አንድ ደስ የሚል ነገር። የበረኛችን የኦጁሉ ሚስት ወለደች፣ ሴት። ከጋምቤላ የመጡ ናቸው፣ እዚህ ዘመድ የላቸውም። ብቸኝነት እንዳይሰማት ብዬ እየሮጥኩ ብሄድ መግቢያ አጣሁ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እዚያ ነው። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ወተት፣ አከራይዋ እትዬ አማረች ቅቤው ከላይ የሚንሳፈፍ የወላይታ ምግብ፣ ሙቹዋ፣ ይዘው። ያ ቁመታም ኦጁሉ ግድግዳ ተደግፎ የት እንደሚቆም ግራ ገብቶታል።

“እናቷ ሩቅ ነው” አሉኝ እትዬ አማረች። “ታዲያ እኛ ምን እንሠራለን?”

ዓርብ

ዛሬ አፈርኩ። ለሥራ አስኪያጁ ስለ ልጅቷ ብነግራቸው “ጥሩ አጋጣሚ ነው!” አሉ። ብስኩት በካርቶን፣ ባነር፣ ፎቶ አንሺ አሲዘው ላኩኝ። እትዬ አማረች በር ላይ ጠበቁኝ።

“ይሄ ጨርቅ ምንድን ነው?”

“የድርጅቱ ባነር ነው፣ እትዬ።”

“አራስ ቤት ነው ልጄ፣ ገበያ አይደለም። እዛው ውጪ አስቀምጪና ግቢ።”

ፎቶ አንሺውን መለስኩት። ብስኩቱን ለልጆች አደልኩ። ገብቼ ቂጤ መሬት ከነካ በኋላ ስለ እሁድ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፣ አፍሬያለሁ። ያነሱት እነሱው ናቸው። አንዷ ኦጁሉን እሁድ እቤት ይሆን እንደሆነ ጠየቀችው።

“ጨዋታ አለኝ” አለ። “ግን ሰው አይመጣም። የሚመጣውም ለመሳደብ ነው።”

እትዬ አማረች ሕፃኗን አዩ፣ እሱን አዩ።

“የአራስ ባል ብቻውን ቆሞ ሊሰደብ ነው?”

ተስፋ ላድርግ? አላደርግም።

ቅዳሜ

ባዶ ወንበሮቹን ስቆጥር ዋልኩ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እሁድ

መጡ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባሎቻቸውን እየጎተቱ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየተጠራሩ መጡ። ጥላ ፎቁ ሞላ። የፋብሪካው ባለቤት ከረባታቸውን እያስተካከሉ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ፣ ጉዱም ወጣ። ኳሱ አጥቂያችን እግር ላይ ሲደርስ “ሻይ አምጡ! ሻይ አምጡ!” ይላል ሕዝቡ። ኦጁሉ ጋ ሲደርስ እልልታና ጭብጨባ። ተከላካዮቻችን ነገሩ ሲገባቸው እነሱም ጭብጨባው አማራቸው፣ ኳስ ባገኙ ቁጥር ወደ ኋላ ለኦጁሉ ያቀብላሉ። አሠልጣኙ “ወደ ፊት!” እያለ ድምፁ ተዘጋ።

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሩ። “ማንን ነው የሚደግፉት?”

“እኛን” አልኩ። “በከፊል።”

መጨረሻ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። እኔ ይሄን ክለብ ወድጄው አላውቅም፣ ደሞዜ ስለሆነ ነው። ኦጁሉ በግራ በኩል ወድቆ ኳሱን ሲያወጣው ግን ወንበር ላይ ቆሜ ስጮህ ራሴን አገኘሁት። ከታች ደግሞ ኮፍያውን አፍንጫው ድረስ ደፍቶ የሚያጨበጭብ ሰው አየሁ። አባዬ ነው። እንዳላየ ሆንኩለት።

ዜሮ ለዜሮ። ዋንጫ የወሰድን ያህል ጨፈርን።

ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ በጠዋት ደወሉ። ባለቤቱ ሌሊቱን ሲስቁ አድረዋል። በሕይወታቸው ብዙ ስታዲየም አይተዋል፣ የራሱን ቡድን እየሰደበ ሜዳ የሚሞላ ሕዝብ ግን አላዩም። “እንዲህ የሚሳደብ ሰው ካለ ክለቡ አገር አለው ማለት ነው፣ የትም አንሄድም” ብለዋል።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ። ለኦጁሉ ሄጄ ነገርኩት። ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ነበር፣ እንዳትነቃ በሹክሹክታ “ጋላታይስ” አለኝ። ወላይትኛ ምስጋና ከየት እንደተማረ መጠየቅ አያስፈልግም።

ቢሮ ስመለስ መርሐ ግብሩን አየሁት። የሚቀጥለው ጨዋታችን ከከተማው ክለብ ጋር ነው።

እትዬ አማረችን ከየትኛው ክለብ ደጋፊ ጋ እንደሚቀመጡ ብጠይቃቸው “ተይኝ እስቲ!” ብለው ገቡ። እኔም የት እንደምቀመጥ አላውቅም።