የቱርቦው ዐሥር ደቂቃ

ለምወድህ አባቴ፣

መነጽርህን ፈልገህ እስክታገኝ ድረስ እማዬ ይህን ደብዳቤ ቀድማ እንዳታነበው፤ የተጻፈው ላንተ ነው። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ደረጃውን ለመደው ወይስ አሁንም እያጉረመረመ ነው? እንቅልፍህ፣ የምግብ ፍላጎትህ እንዴት ነው? የዓይን ጠብታውንስ በሰዓቱ ታደርጋለህ ወይስ እማዬ ስታይህ ብቻ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ናፍቆታችሁ ግን ያው እንደ ድሮው ነው። እኔ ትንሽ ወፍሬያለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ትንሽ ከስቷል፤ በቤት ደረጃ ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

አባዬ፣ የሰጠኸኝ መኪና፣ እመቤቲቱ፣ አልተሸጠችም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርህ ልብህ ተሰቅሎ እንዳታነብ ብዬ ነው። በስልክ «ካስቸገረችሽ ሽጫት፣ ብረት ናት» ስትለኝ ድምፅህ እንዴት እንደነበረ ሰምቻለሁ። ያኔ ብዙ ነገር ደብቄህ ነበር፤ አሁን ግን ከሥሩ ልንገርህ።

ሥራዬ ጥርስ ማመላለስ እንደሆነ ታውቃለህ። አለቃዬ በወርክሾፑ የሚሠራቸውን ሰው ሠራሽ ጥርሶች በትናንሽ ሳጥኖች አሽጎ ይሰጠኛል፤ እኔም በቀን ዐሥራ ሁለት ክሊኒክ እየዞርኩ አደርሳለሁ። ሲደመር ስልሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ነዳጁን የሚችለው እሱ ስለሆነ ከሁለት ወር ወዲህ ፊቱን ያጠቁርብኝ ጀመር። መኪናሽ በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትሄደው፣ ጥርስ ነው ወይስ ድንጋይ የምትጭኚባት አለኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ በሊትር ዐሥር ካልሞላች ሥራውን ለሞተረኛ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነገረኝ። ባለቤቴም በበኩሉ ገዢ አገኘ። ሰውዬው መኪናዋን የፈለጋት ሊነዳት እንዳይመስልህ፤ ፈታትቶ በመለዋወጫ ሊቸረችራት ነው።

እኔ ሙጭጭ አልኩ። አባቴ በሊትር ዐሥራ አራት ነበር የሚነዳት ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ባለቤቴ፣ ያው ታውቀዋለህ፣ አባትሽን አከብራለሁ፣ ነገር ግን ዓሣ አጥማጅ ስለ ዓሣው፣ ባለ መኪና ስለ ነዳጁ ሲያወራ አላምንም አለ። ባንተ ክብር ሁለት ቀን አኮረፍኩት። እሱም እመቤቲቱን «ጠጪዋ» ማለት ጀመረ።

በመጨረሻ እንለካት ተባባልን። ማደያ ሄደን ታንኩን እስከ አፉ አስሞላን፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ አደረግን። ሳምንቱን ሙሉ ነዳጅ መስጫዋን እንቁላል እንደምረግጥ ሆኜ ነዳኋት። ከዚያ እዚያው ማደያ ተመልሰን ስንሞላት ስምንት! ኩምሽሽ አልኩልህ። ባለቤቴ አለመሳቁ ደግሞ ይበልጥ አሳመመኝ።

እንግዲህ የቀረኝ መካኒኩ ነበር። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ስለሚለጥፍ ሰፈሩ «ጆሮ» ብሎ ነው የሚጠራው። የቱርቦውን ቱቦዎች ዳሰሰ፣ የጎማውን ንፋስ ለካ፣ ዘይቱን አየ፣ አዳመጠ። ምንም አላገኘም። ያረጀች ባለ ቱርቦ መኪና እግር ሲከብድባት ትጠጣለች፣ ሲቀልላት ትቆጥባለች፤ ይቺ ግን እግርሽ ቀሎም ትጠጣለች፣ እስቲ አንድ ቀን አብሬሽ ልዙር አለ።

ማክሰኞ ጠዋት አጠገቤ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ክሊኒክ በር ላይ አቆምኩ፤ ሞተሩን ሳላጠፋ የጥርሱን ሳጥን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ማንን ነው የምንጠብቀው አለኝ። ቱርቦው እስኪያርፍ ነው አልኩት። ሰዓቱን አየት አደረገ። ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ አጥፍቼ ገባሁ። ሁለተኛው ክሊኒክም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ሳቁ አመለጠው። በየቦታው እንዲህ ነው የምታደርጊው አለኝ። አባቴ ያስተማረኝ ነው፣ ቱርቦው ሳያርፍ ጠፍታ አታውቅም አልኩት፤ ኮራ ብዬ ነበር ደግሞ።

አባዬ፣ ስሌቱን ራስህ ሥራው። በቀን ዐሥራ ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ቤንዚን ሳቃጥል ነበር የምውለው። አለቃዬ ዘገየሽ እያለ የሚነዘንዘኝም ለካ ለዚህ ኖሯል! ጆሮ እንዳስረዳኝ፣ ለሞተሩ አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦ ረጅም መንገድ በኃይል ሲነዱት ይግላል፤ ድንገት ሲያጠፉት ውስጡ የቀረው ዘይት ያርራል። ለዚያም ቢሆን አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። እኔ ከተማ ውስጥ እያዘገምኩ ለምነዳት ደግሞ ያም ብዙ ነው። ከዚያ የተናገረውን እስካሁን አልረሳሁትም።

«ዐሥር ደቂቃ ቱርቦ አይፈልግም» አለኝ። «አባትሽ ሌላ ነገር ነበር የሚያበርዱት።»

ከማግስቱ ጀምሬ እንደቆምኩ ማጥፋት ያዝኩ። መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ አለኝ፤ ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር አንተን የከዳሁ ይመስለኝ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ማደያ ሄድን። ባለቤቴ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ አካፈለ፣ አላመነም፣ ደግሞ አካፈለ። በሊትር ዐሥራ አንድ! ልቤ ቅቤ ጠጣ። አለቃዬ ሥራውን አጸናልኝ፤ ባለቤቴም ራሱ ሄዶ ገዢውን አሰናበተውና ሲመለስ መኪናዋን መታ መታ አድርጎ «እመቤቲቱ፣ ይቅርታ» አላት። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ዐሥራ አራቱን በተመለከተ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ በስልክ ጉድህን አወጣው። የለካኸው ቁልቁለቱን ስትወርድ ብቻ ነው አሉ፤ ዳገቱን ስትመለስ መቁጠሪያውን ሳታየው ቀረህ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ይህ በአንተና በእኔ መካከል ይቅር።

አሁን ግን የጆሮ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ያኔ እናንተ ቤት ሳለሁ፣ ከምትሠራበት አቤቱታ ክፍል ቀኑን ሙሉ የሰው ብሶት ስትሰማ ውለህ ትመጣለህ። በሩ ላይ ታቆምና ሞተሩን ሳታጠፋ ትቀመጣለህ። እኔ ሮጬ እመጣና ከፊት ወንበር ዘው እላለሁ። «ቱርቦው ይረፍ» ትለኛለህ። ሂሳብ መውደቄን መጀመሪያ የነገርኩህ እዚያ ነው። አሁን ባለቤቴ የሆነውን ሰው እንደወደድኩም የሰማኸው እዚያው ነው፤ መሪውን ጨበጥ አደረግክና ሳቅህ። ስትመጣ የነበረህ ፊትና ቤት ስትገባ የሚኖርህ ፊት አንድ አልነበሩም። አባዬ፣ እኔ ቱርቦውን የምንጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚያ ዐሥር ደቂቃ ሳላመሰግንህ ይህን ያህል ዓመት መቆየቴ ይቆጨኛል።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ መጥቼ በራችን ላይ አቆምኩና ሞተሩን አጥፍቼ እዚያው ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ጨነቀው መሰለኝ ወጥቶ ከፊት ወንበር ገባ። ምነው አለኝ። ቱርቦው ይረፍ ብዬ ነው አልኩት። ጠፍታለች እኮ አለ። ዝም ብለህ ተቀመጥ አልኩትና ሐኪሟ የነገረችኝን ነገርኩት። ከእሱ ቀጥሎ የምትሰማው አንተ ነህ፤ የወፈርኩት በምግብ አይደለም። ያንን የፊት ወንበር ለመለዋወጫ ሊነቅሉት ነበር፤ አሁን ትንሽዬ ባለቤት ሊመጣለት ነው።

እንግዲህ ለእማዬ አንተው አብስራት፣ እልልታዋን እዚህ ድረስ እሰማዋለሁ። ታላቅ ወንድሜን፣ ምስጢር መጠበቅ ስለማያውቅ፣ ወሬውን ሳትነግረው ሳምልኝ። ሚስቱንና መንታዎቹን፣ አክስቴን፣ ከጎን ያለችውን ልብስ ሰፊዋንም አደራ ሰላም በልልኝ። ባለቤቴ እጅ ይነሳል፤ ዐሥራ አራቱንም አምኛለሁ ብሏል።

ናፋቂህ ልጅህ

ከበራችን ፊት፣ ከእመቤቲቱ መሪ ላይ የተጻፈ፤ ሞተሯ ጠፍቷል
እሁድ፣ ግንቦት 3