አርባ ተመራቂ፣ አንድ መብራት

ሰኔ 5፣ ጠዋት 2፡30
ሦስተኛው ቪዲዮ አለቀ። ስለ መብራት አመራረጥ። ሰውየው ተዝናንቶ «ቢያንስ ሦስት መብራት» ይላል፣ ሦስት እንቁላል እንደሚል። ደብተሬ፣ እኔ ያለኝ ብር ወይ አንድ ደህና መብራት ይገዛል፣ ወይ ሁለት ትንንሽ። ሌላ የለም።

ዝግጅቱ ሰኔ 17፣ ቅዳሜ። የነርሲንግ ተመራቂዎች የጭፈራ ምሽት፣ የሴቶች ብቻ። አርባ ልጆች፣ አርባ ቀሚስ። ወንድ አይገባም፤ ስለዚህ ወንድ ፎቶ አንሺም አይገባም። ሆዳን የኮሚቴው ሰብሳቢ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። የኔን ስም አቅርባለች። እናቶች ግን ገና እሺ አላሉም። ለምን እንዳላሉ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አምና ለአቶ ስቱዲዮ ስሠራ (እውነተኛ ስሙን እዚህ አላሰፍርም) የአንድ ሰርግ የሴቶች ምሽት አነሳሁ። የካሜራውን ካርድ ለሱ አስረከብኩ። በሳምንቱ አንዲት ልጅ ፀጉሯን እንደገለጠች በስቱዲዮው ቴሌግራም ላይ ወጣች። ወንድሞቿ ሲመጡ ሰውዬው ወደኔ ጠቆመ። እሷ ናት ያወጣችው አለ። በዚያው ቀን አባረረኝ። ዲግሪ አለኝ፣ ምላስ አለኝ፤ የጠየቀኝ ግን የለም። እስካሁን ገበያ ውስጥ «ያቺ የፎቶዋ ልጅ» ነኝ።

በቃ። ተጻፈ። አሁን ወደ መብራት።

ሰኔ 6፣ ከሰ. 9፡00
ኤዶ ፎውዚያ ሱቅ። አክስቴ አይደለችም፤ ከተማው ሁሉ ኤዶ ስለሚላት እኔም እላታለሁ። ዕቃዋ ከቶጎ ውጫሌ ድንበር ነው የሚመጣው፣ ዋጋዋም ከሌላው ይሻላል። ክቡን መብራት ልትሸጥልኝ ሞተች። ቲክቶክ የሚሠራ ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው። አበራሁትና በትንሽ መስታወቷ ራሴን አየሁ፤ ዓይኔ ውስጥ ሁለት ነጭ ቀለበት። ጅብ መሰልኩ አልኳት። ጅብም ከከፈለ ደንበኛ ነው አለችኝ።

ወሰንኩ። ሁለት ትንንሽ ጠፍጣፋ፣ ባለባትሪ። ባትሪ የግድ ነው፤ አዳራሹ መቼ እንደሚጨልም ማን ያውቃል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የኋላው ሰውን ከግድግዳው ይለያል ይላል ቪዲዮው። በባጃጅ ስመለስ ነፋሱ አቧራውን ሁሉ ፊቴ ላይ ደፋው። ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፌ ስስቅ ሹፌሩ ዞሮ አየኝ።

ሰኔ 8፣ ከሰ. 10፡00
ልምምድ። እኛ ቤት ሳሎን፣ መጋረጃ ተዘግቶ። ሆዳን የምሽቱን ድራዕ ለብሳ መጣች፤ ያንን ስስ፣ ረጅም፣ እንደ ውሃ የሚፈስ የሶማሌ ቀሚስ። አረንጓዴ፣ ወርቃማ ፈርጥ ያለው። የፊቱን አበራሁ፤ ቆንጆ። የኋላውን አበራሁ። አነሳሁ። አየሁት።

ቀሚሱ የለም! ጉልበት፣ ጭን፣ የውስጥ ጉርዷ ስፌት ሳይቀር ጥላ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሆዳን ካሜራውን ነጠቀችኝ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ይሄ ፎቶ ነው ወይስ ራጅ?»

ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። ነርስ አይደለች፣ ስብራት ካለብኝ ልፈልግ ብላ ፎቶውን እያሰፋች ማየት ጀመረች። እማዬ ከወጥ ቤት መጥታ ምን ሆናችሁ ስትል የባሰ ሳቅን። እኔ ቀድሜ ሳቄን አቆምኩ። ሳልሞክር አዳራሽ ብገባስ ኖሮ? አርባ ልጆች። ያውም እኔ! እናቶቹ ስለኔ የሚያወሩትን በገዛ እጄ እውነት አደርገው ነበር።

ሆዳን እያየች አጠፋሁት። የቪዲዮው ሰውዬ ድራዕ አይቶ አያውቅም። ሦስት መብራቱን ይዞ ይቀመጥ።

ሰኔ 9፣ ጠዋት
ሁለቱንም ተሸክሜ ኤ/ፎውዚያ ጋ። የወጣ ዕቃ አይመለስም አለች። እኔም አልሄድም አልኩ። በርጩማ ስቤ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲገባ ሰላም እለዋለሁ። ስለ ቻርጀር ሲጠይቅ የትኛው ቶሎ እንደሚሞት እነግረዋለሁ። ሦስተኛው ደንበኛ ምንም ሳይገዛ ወጣ።

«ተነሺ፣ ውሰጂ! ወላሂ አንቺን ለሚያገባ ሰው አዝናለሁ።»

ትንሽ ጨመርኩና በሁለቱ ፋንታ ትልቁን ጠፍጣፋ ሰጠችኝ። እሱም ባለባትሪ። በመንገዴ ሁለት ሜትር አቡጀዲ ገዛሁ። ደግሞ የሚኒባስ ሹፌሮች ለፀሐይ መስታወት ላይ የሚዘረጉትን ብርማ መከለያ።

ከሰ. ሞከርኩ፣ እማዬ ላይ። አቡጀዲውን በመጋረጃ ዘንግ ወጥሬ ከመብራቱ ፊት አቆምኩ፣ መከለያውን በሌላው ጉንጯ በኩል። ብርሃኑ ለሰለሰ። የኛ ቆዳ የሚወደው ይሄን ነው፤ ሰፊ፣ ቅርብ፣ ከጎን የሚመጣ። ጉንጯ በራ እንጂ አልነጣም። ቀሚሱም ቀሚስ ሆኖ ቀረ። እማዬ አገጯን ቀና አድርጋ እንደ ሚኒስትር ሚስት ተቀመጠች፣ ወጡ እስኪያርር።

የተቃጠለ ወጥ በላን። ደስ የሚል ቀን።

ሰኔ 11፣ ማታ 1፡00
የእናቶች ስብሰባ፣ ከሰዓት፣ ሆዳን ቤት። ሰባት ናቸው። ትልቋ ኤዶ ሀሊማ፣ ከቀብሪበያ በሚኒባስ የመጡት። እሳቸው ሳይናገሩ ሌሎቹ አይናገሩም።

ስለዚያች የአምናዋ ልጅ ፎቶ ጠየቁኝ። የሆነውን በሶማሊኛ ነገርኳቸው፣ ምንም ሳልጨምር። እንግዲያው ወላሂ በይና ነገሩ ይዘጋ አሉኝ።

አልልም አልኩ። ሆዳን በክርኗ ጎሰመችኝ።

«ያደረገው ሰው ይማል። እኔ ፎቶ አነሳለሁ።»

ሻያቸውን ይመጥጣሉ። ሕጌን ነገርኳቸው። ስልክ ሁሉ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ፣ የኔም። ካርዱ ከአዳራሹ አይወጣም። እያንዳንዷ እዚያው ላፕቶፕ ላይ የራሷን መርጣ በፍላሽ ዲስኳ ትወስዳለች፤ የቀረው ዓይኗ እያየ ይጠፋል።

ሆዳን ጆሮዬ ላይ፦ «አንድ ወላሂ ምን ያስከፍልሻል?»

ሁሉንም፣ ሆዲ። አንዴ ከማልኩ በየበሩ ስምል ልኖር ነው። ይሄን ግን እዚህ ብቻ ነው የምለው።

ኤዶ ሀሊማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። በይ መጀመሪያ እኔን አንሺኝ አሉ። መብራቱን አቆምኩ፣ አቡጀዲውን ወጠርኩ፣ ሆዳን መከለያውን ያዘች። ሻሻቸውን ወደ ትከሻቸው ለቀቁት። በሂና የቀላ ፀጉር። ያ ፊት! ስድስት ጊዜ አነሳሁ። አራተኛው ልክ ሊስቁ ሲሉ ነው፤ ከንፈራቸው ገና አልተፈታም፣ ዓይናቸው ግን ቀድሞ ስቋል። ደብተሬ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ አንስቼ አላውቅም።

ካሜራውን ይዘው ቆዩ። ይሄ እኔ ነኝ? አሉ። ሴቶቹ ተሻምተው አዩ፣ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ። ከዚያ ካሜራውን መለሱልኝና፦

«አጥፊው።»

ጣቴ አንድ ትንፋሽ ያህል እምቢ አለ። አጠፋሁት። ስድስቱንም። ካርዱ ባዶ መሆኑን አሳየኋቸው። እሳቸው ካርዱን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት።

«ቅዳሜ በጊዜ ነይ» አሉኝ።

ሰኔ 12፣ ጠዋት
ተኝቼም ያንን ፎቶ ሳየው አደርኩ። የትም የለም። ይቆጨኛል ብዬ ነበር፤ ጠዋት ግን እየዘፈንኩ ነው የተነሳሁት። ባትሪ ቻርጅ ላይ። አቡጀዲው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ነፋሱ እያራገበው።

ሰኔ 17፣ ቀን 8፡00
አቶ ስቱዲዮ ደወለ። ከዓመት በኋላ። ሰሚ ብሎ ስሜን ያቆላምጣል። ሥራውን ማግኘቴን ሰምቷል፤ ጎበዝ አለኝ። ሁለቱን ትልልቅ የስቱዲዮ መብራቶች ከነብርሃን ማለስለሻ ጃንጥላቸው በነፃ ይልክልኛል፤ ፎቶዎቹ ጥግ ላይ የስቱዲዮው ስም ብቻ ይግባ። መብራቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለት ዓመት አቧራቸውን ጠርጌያለሁ። ከኔው ይበልጣሉ፣ አልዋሽሽም። የኔው ባትሪ ቢቆይ ሦስት ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ጠየቅኩት። የልጅቷን ፎቶ ማን እንዳወጣ በዚያው ቴሌግራም ላይ ይጻፍ። ያለፈው አለፈ አለ። አላለፈም አልኩና ዘጋሁት።

ስለዚህ በአንዱ መብራት። አምስት አምስት እያደረግኩ አስገባቸዋለሁ፣ በመሃል አጠፋዋለሁ፣ ይደርሳል። ጥጉ ላይም የማንም ስም አይገባም፤ የኔም ጭምር። ማን አነሳሽ ለሚላቸው አፍ አላቸው፣ ይንገሩት።

ባጃጁ መጣ። ሆዳን ድራዕዋን በአንድ እጇ ሰብስባ በር ላይ ቆማለች፣ ሰሚራ! ሰሚራ! እያለች፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ። መጣሁ ብላትም ዝም አትልም፤ እንደገና ስሜን ትጠራለች።