«ሶሪ» የሚለው ሰሌዳ እንዳይጋረድ ዳሴ ስለሚፈርስበት ጉዳይ

ለተከበሩ የመንገዶች ኃላፊያችን ለቺፍ ኦላዲሜጂ፤
ኢባዳን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ወገብዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔም፣ ልጆቼም፣ ጉድጓዱም ደህና ነን። ጉድጓዱማ እያደገ ነው።

አስቀድሜ የማመሰግንዎ፣ ዝናቡ የአደንጓሬ ሊጥ እየጠበስኩ አካራ ከምሸጥበት ዳሴ ፊት ለፊት መንገዱን በቦረቦረው ጊዜ፣ በአፈር ከመድፈን ይልቅ «ስለ ጉድጓዱ ሶሪ» የሚል ያማረ ሰሌዳ ስላቆሙልን ነው። የከተማችን ጉድጓድ ብዙ ነው፤ ጨዋው ግን የእኛ ብቻ ነው። የሚኒባስ ረዳቶችም ፌርማታውን በስሙ ሰይመው «ሶሪ ወራጅ አለ?» እያሉ ይጮኻሉ።

ይሁንና ከትሕትና ጋር ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. ዳሴ ሰሌዳውን ስለሚጋርድ እስከ ሰኞ እንዲፈርስ አዘዋል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ዳስ ስለሆነ ትእዛዙ አስለቅሶኛል። የእርስዎ ሶሪ ከሩቅ እንዲታይ ልጆቼ ጦማቸውን ቢያድሩ ግን ምን ይደረጋል፣ ሰሌዳው የሕዝብ ነው።

፪. እንደሚያውቁት፣ በእኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ያየ ሁሉ፣ እሱ ባይገፋውም እንኳ፣ «ሶሪ» ሳይል አያልፍም። ጉድጓዱ አፍ ላይ የምውለው እኔ ስለሆንኩ የመሥሪያ ቤትዎን ሶሪ ቀኑን ሙሉ የምለው እኔው ነኝ፤ በዚህ መሐል አካራዬ ያርራል። በቀደም ከነቦርሳው የገባ አንድ መምህር «ማማ፣ ሶሪው ደርሶኛል፤ አሁን እጅሽን ስጪኝ» ብሎኛል።

፫. ሐሙስ ዕለት ሰሌዳው መጋረዱን በዓይንዎ ለማየት ራስዎ መጥተው፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ የት እንደገቡ መንደሩ ሁሉ አይቷል፤ ሁላችንም በአንድ አፍ «ሶሪ ጌታዬ፣ ሶሪ» ብለንዎታል። ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ሲሉ ሰሌዳው ወለል ብሎ እንደታየዎት አምናለሁ። እንግዲህ ለሚመለከተው ሰው ከታየ፣ ዳሴ የጋረደው ከማን ነው? ደግሞም ተንጠልጥለው የወጡበት ምሰሶ የዚሁ ዳስ ምሰሶ ነው።

ከጉድጓዱ ጥልቀት በማያንስ አክብሮት፣
ሞሪሊያት አላቢ፣
የሶሪ ፌርማታ አካራ ጠባሽ

ማስታወሻ፦ ዳሱን ሰኞ ካፈረሱት፣ ሰሌዳው በደንብ መታየቱን ለማረጋገጥ እንደ ሐሙሱ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ይመልከቱልን። የሚይዙት ምሰሶ አይኖርም፤ «ሶሪ» የምልዎ እኔም ሌላ ቦታ እሆናለሁ። ሰሌዳው ግን አጠገብዎ ነው፤ እሱ ይበልዎ።