ለአንድ ጀልባ ሠላሳ ወንበር

አትላንታ፣ ሰኔ 25 ቀን

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ግራ ዓይንሽስ ማንባቱን ተወልሽ? ደብዳቤ ጤና ሳይጠይቁ አይጀመርም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና እንደ ወጉ አስቀድሜ ልጠይቅሽ። እኛ ደህና ነን። ይገዙ ታክሲውን ይነዳል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ሐኪም ጋ ሂድ ስለው ይቆጣል፤ ያው የምታውቂው ባሌ ነው። የልጅ ልጅሽ ሚካኤላም ሮዝዌል አዲስ ቤት ከገባች ወዲህ በወር አንዴ ብቅ ትላለች። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልለፈው።

ስልክ እያለ ምን ነክቷት ወረቀት ያዘች እንዳትዪ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ስትደውዪ ዳውንታውን የምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ ነበርኩ። የኳስ ጨዋታ ስለነበረ መኪናው እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፎ ጥሩምባውን ይነፋል። አንቺ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ። ለጀልባው ወንድምሽ ፍስሐ ይመጣል ወይ? አልሽ። እኔ ደግሞ፣ ቆይ እማዬ፣ መኪና ተደርድሮብኛል፣ መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ያን ቀን ደክሞኝ ገብቼ ተኛሁ። ሰኞ አሁን እደውላለሁ፣ አሁን እደውላለሁ ስል ዋለ። ማክሰኞ ስደውል አላነሳሽም። የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ቀረሁ፤ ይህን የምጽፈው እሱን ልመልስልሽ ብዬ ነው።

የጀልባውን ነገር ግማሹን ታውቂዋለሽ። ባለፈው ክረምት ዲኬተር አንድ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ዙሪያዬን ሳይ፣ የአክስቴ ልጆች፣ የይገዙ ወንድሞች፣ ከሌላ ስቴት የበረሩት ሁሉ እዚያ ናቸው። አንዱ ሌላውን፣ ውይ ልጅሽ ይህን ያህል አደገች እንዴ፣ ይላል። የምንተያየው ሰው ሲሞት ብቻ ሆኗል። የዚያን ቀን ለራሴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ማንም ሳይሞት እንሰብሰብ አልኩ። ከአትላንታ ወደ ሰሜን የአንድ ሰዓት መንገድ ሄደሽ ሌኒየር የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ዳሩ ላይ ቤት ይከራያል። ፖንቱን የሚሉት፣ እንደ በረንዳ የተዘረጋ፣ ጣራ ያለው ጀልባም ይከራያል፤ አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል። ይህን ስነግርሽ፣ መሬት ጠቧችሁ ነው ውሃ ላይ የምትሰበሰቡት? ብለሽ ሳቅሽብኝ። ኋላ ደግሞ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ተጠንቀቁ አልሽ።

ከአንቺ በቀር የሳቀልኝም አልነበረም። ሚካኤላ፣ ማሚ፣ ጁላይ ፎር እኮ ሐይቁ ክሬዚ ነው፣ ጀልባው እንደ ሃይዌይ ነው የሚጋፋው አለችኝ። ይገዙ የነፃነት በዓላቸው ቀን ኤርፖርቱን ትቼ ዓሣ ላባርር ወይ አለ። ፍስሐ ሦስት ቴክስት ልኬለት ለአንዱም አልመለሰም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነውና እኔ ግን ቤቱንም ጀልባውንም ቡክ አደረግኩ። የማይመጡ ሰዎችን ስም በዝርዝር ጻፍኩ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬታቸውን ልክ ሳይቀር ገምቼ መዘገብኩ። ለፍስሐ ትልቁን ጻፍኩለት፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ ወፍሮ ይሁን ከስቶ ግን አላውቅም።

ለምን እንደማይመጣ አንቺና እኔ እናውቃለን። አባባ ያረፈ ጊዜ ፍስሐ ለነርስነት ፈተናው አራት ወር ቀርቶት ነበር። አንቺ ደውለሽ፣ ልጄ ፈተናውን ሳይጨርስ ይህን እንዳይሰማ፣ አደራ አልሽኝ። እኔም፣ አባባ ጸበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አያስይዙም አልኩት። ከዳላስ በየሳምንቱ እየደወለ፣ እታለም፣ አባባን ሰላም በይልኝ ይላል። እሺ እላለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ለአባባ ጫማ ገዝቻለሁ፣ ቁጥሩ ስንት ነበር? አለኝ። አርባ አንድ ብዬ ነግሬው ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ፈተናውን ባለፈ በሳምንቱ ሰው ይዤ በንጋት በሩን አንኳኳሁ። ለቅሶው ከበረደ በኋላ፣ አራት ወር ሙሉ ለሌለ ሰው ሰላምታ ስሰድ እየሰማሽ ዝም አልሽኝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እታለም ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ያዘዝሽኝ አንቺ መሆንሽን አልነገርኩትም። እናቱን ከሚቀየም እኔን ይቀየም ብዬ ነው። አልዋሽሽም እማዬ፣ ብዙ ጊዜ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የዚያን ሳምንት ረቡዕ ደግሜ ስደውል ማሂ አነሳችው። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ከበስተኋላዋ ሰው ይንጫጫል። ምነው ስላት ጉንፋን ይዞኝ ነው አለች። እማዬስ? ስላት፣ እትዬ ተኝተዋል አለችኝ። አንቺ በቀን ተኝተሽ አታውቂም። እንደ ልጅ ልጅሽ ቤትሽ ያሳደግሻት ልጅ ናትና ላስጨንቃት አልፈለግኩም። በማግስቱ ይገዙ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ፣ እኔን ሳያይ፣ ለካ እማማ ጸበል ገብተዋል አሉ፣ ስልክ አያስይዙም መሰለኝ አለ። ይገዙ ያንን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት ሁሉም እሺ አሉኝ። ለምኜ ያጣኋቸው ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ በየተራ እየደወሉ እንመጣለን ይሉኝ ጀመር። ይገዙ ፋሲካን እንኳ ሲነዳ የሚውል ሰውዬ ለጉዞው አንድ ሳምንት ሙሉ እረፍት ወሰደ። ጀልባ ለመንዳት ፈተና አለው፤ እሱን ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ በስልኩ ወስዶ አለፈ። ሚካኤላ መጥታ፣ ማሚ፣ ፌስቡክሽ አፕዴት ያስፈልገዋል ብላ ስልኬን ወሰደች። ስትመልስልኝ ፌስቡኩ አይከፈትም። ፓስወርዱን ስጠይቃት ሲስተሙ ነው አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከዚያ አቀፈችኝና አልለቅ አለች። አንድ ነገር ልትለኝ አፏን ስትከፍት ይገዙ ከሳሎን ጠራት።

የጉዞውን ፕሮግራም እሷ ናት በኮምፒዩተር የሠራችው። ዓርብ ስንት ሰዓት እንደምንነሳ፣ ቅዳሜ ጀልባ ማስነሻው ላይ ሰልፍ ስለሚበዛ በአንድ ሰዓት መድረስ እንዳለብን፣ የሰኔ ጾም ስለሆነ የምስር ሳምቡሳውን ማን እንደሚይዝ፣ ሁሉም በየሰዓቱ ተጽፏል። የእሑዱ ገጽ ባዶ ነው። ምነው ስላት፣ ማሚ፣ እሑድን ኦፕን እንተወው አለችኝ። ጥርስ ለመቦረሽ እንኳ ሰዓት የምትመድብ ልጅ ናት እኮ።

ትናንት የውሃ ማቀዝቀዣውን ላወጣ ጋራዥ ገባሁ። ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ የተከመረ ነገር አለ። ገለጥኩት። የእድራችን ወንበሮች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በነጭ ቀለም የእድሩ ስም ተጽፏል። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ ናቸው። ሚካኤላ የተመረቀች ጊዜ እነዚህኑ ወንበሮች ብንለምን፣ የእድር ወንበር ለደስታ አይወጣም፣ ደንቡ አይፈቅድም ብለው መልሰውናል፤ ይገዙ ራሱ ተጣልቷቸው ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ለሚይዝ ጀልባ ሠላሳ ወንበር ምን ይሠራል? ብዬ ጠየቅኩት። ሐይቁ ዳር እንቀመጥበታለን፣ ደግሞ እንግዳ ቢመጣስ? አለኝና ጎማ አያለሁ ብሎ ወጣ። ምስኪን፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም መዋሸት አልቻለበትም። ወንበሮቹን መልሼ ሸፈንኳቸው። ማቀዝቀዣውን ሳላወጣ ተመለስኩ።

ከዚያ ፍስሐ ጋ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። አውሮፕላኑ ዓርብ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ነገረኝ፣ ዋና እንደማይችል ነገረኝ፣ ጃኬቱ ትልቁ ይሁን አለኝ። በደንብ ገምቻለሁ ማለት ነው። ስድስት ዓመት እንዳላኮረፈ ሁሉ ድምፁን አለስልሶ አወራኝ። ልዘጋ ስል፣ እስቲ ልሞክረው ብዬ፣ አንተ እማዬን ካገኘሃት ሰላም በልልኝ አልኩት። እሺ እታለም አለኝ።

ያንን እሺ አውቀዋለሁ እማዬ። የራሴ ነው። አራት ወር ሙሉ እኔ ስለው የከረምኩት ነው።

ታዲያ ለምን አፍርጠሽ አልጠየቅሻቸውም ትዪኝ ይሆናል። ጠይቄ ምን ላተርፍ? ሰው እስኪነግረኝ ድረስ አንቺ ጸበል ነሽ። ዓርብም ጸበል ነሽ፣ ቅዳሜም ጸበል ነሽ። በየመንገዱ ሳይሆን በወጉ፣ ሰው ከበበኝ፣ ንጋት ላይ እንዲነግሩኝ ነው የደከሙት። እኔም ለፍስሐ ያደረግኩለት ይህንኑ ነበር፤ ያኔ ሥራው እንዴት እንደሚከብድ እንጂ ተቀባዩ ዘንድ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። አሁን ሁለቱንም አወቅኩ። ተቆጥቼብሻለሁም። ለመስቀል እመጣለሁ ብዬሽ ቲኬት እያየሁ ነበር፤ ሦስት ወር መጠበቅ አቃተሽ? ይቅር በዪኝ፤ ይህን የምለው ለሌላ ለማን ልለው ብዬ ነው። ያቺን እሑድ መኪናዎቹን ትንሽ ባስጠብቃቸው ምን ነበረበት? ጥሩምባቸውን እስኪበቃቸው ይንፉ። በየቀኑ ፓርኪንጉ በር ላይ ቆሜ የማስበው ይህንን ነው።

ስለዚህ ነገ እሄዳለሁ። ሳምቡሳውን እጠብሳለሁ። ቅዳሜ ጀልባው ላይ ፍስሐን አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ሐይቁ ላይ ሙዚቃ ከፍቶ ይጨፍራል፣ እኛም ፎቶ እንነሳለን፣ እሱ እሑድን እያሰበ ይስቅልኛል፣ እኔም እስቅለታለሁ። ታላቅ ወንድ ስለሌለን እንዲነግረኝ የመደቡት እሱን እንደሆነ አያጠራጥርም። ቀኑን ሙሉ ያንን ነገር በሆዱ ይዞ ውሃ ላይ ሲውል ይታየኛል።

ግን እሱ አይነግረኝም። እሑድ ከሁሉም ቀድሜ እነሳለሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ እወርዳለሁ። የእድሩ ሰዎች ከአትላንታ ደርሰው ወንበሮቹን ሐይቁ ዳር ሲዘረጉ፣ ከሠላሳው በመጀመሪያው ላይ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ። ፍስሐ ሲያየኝ አፉን መክፈት አያስፈልገውም። የእሱን አራት ወር መመለስ አልችልም፤ ይህችን ንጋት ግን አቀልለታለሁ። ያኔ ያዘዘሽ ማን ነበር ብሎ ቢጠይቀኝም አልነግረውም። እሱን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ በሰላም ሁኚ።

ማሂን አደራ አትበዪኝ፤ ከፍስሐ ጋር ሆነን እናስባታለን። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልዘጋው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። አምላክ መንገድሽን ብርሃን ያድርግልሽ። አባባን ካገኘሽው ጫማው በልኩ እንደተገዛ ንገሪው፤ ፍስሐ እስካሁን አልጣለውም አሉ።

ለጠየቅሽኝ ግን መልሱ ይኸውልሽ። ይመጣል እማዬ። እኔ ለምኜው አልመጣ ያለውን ልጅ አንቺ አመጣሽው።

ልጅሽ፣
የፍስሐ እታለም