ቀይ ነጥብ ያለበት መዝገብ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከጧቱ 3 ሰ.

እርሳስ ተቀርጿል። ማስመሪያ፣ ላጲስ፣ ቀይ እስክሪብቶ፤ ሁሉም በየቦታው። ከደምበጫ አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር፤ የልጃቸውንና የእጮኛዋን ዘር ላስቆጥር ብለው። በአባት በኩል አይገናኙም። በእናት በኩል ስድስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ሰባት ሳይሞላ አይሆንም አልኳቸው። አዘኑ፤ ቢሆንም መርቀውኝ ሄዱ።

አንተ ደብተር የምታውቀው የኔን ሆድ ብቻ ነው። የሰው ዘር ያለው በጥቁሩ መዝገብ ውስጥ ነው። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፤ ባዮሎጂ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ እንደምሥለው። ነውር የተባለ ነገር ያለበት ሰው አጠገብ ቀይ ነጥብ። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቡዳ የተባለ፣ የሚጥል በሽታ፣ ሥጋ ደዌ። በዚህ አካባቢ እንዲህ የተጣራ መዝገብ ያለው ሌላ ሰው የለም።

ከሰዓት። ባለቤቴ የሺ ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። የሥራ ባልደረባዬ የነበረው አለልኝ ዓርብ በድሮ ት/ቤታችን ንግግር ያደርጋል። ርዕሱ ዩጀኒክስ። የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጠን እናሻሽል ስላሉ ሰዎች። ዘር! ውርስ! ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት! እሱ የታሪክ መምህር ነው። የትምህርት ዕቅድ በጊዜው አስረክቦ አያውቅም። የጥሪው ደብዳቤ ለሱ ደረሰ። እኔ ሁለት ጊዜ ወጥቼ በር አየሁ። ምንም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ሄድኩ። ባልሄድ ፈራ ይሉኛል።

አዳራሹ ሞልቶ ተማሪው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ር/መምህሩ የኔ ተማሪ ነበር፤ ፈተና ሲወድቅ ደጋግሜ ያስጠናሁት። አለልኝን በሁለት እጁ ጨበጠው። እኔን ወንበሩን ትንሽ ያስጠጉልን አለኝ።

ንግግሩ ጥሩ ነበር። ይህን መጻፍ ጥርሴን ያመኛል። በሰለጠኑት አገሮች የተማሩ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የቤተሰብ ታሪክ መዘገቡ አለ። ድህነቱንም፣ ስካሩንም፣ የሚጥል በሽታውንም፣ ትምህርት የከበደውንም፣ ሁሉንም በደም የወረደ ነው ብለው ምልክት ሰጡት። ሕግ ወጣለት። ብዙ ሴቶችና ወንዶች ሳይጠየቁ መኻን ተደረጉ። ጀርመኖች ዘንድ ሲደርስ መግደል ሆነ። ከዚያ አንዱን ሠንጠረዥ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራው። አራት ማዕዘን። ክብ። አጠገባቸው ምልክት።

ብብቴን አላበኝ። አዳራሹ ስለታፈነ ነው።

አንዲት ልጅ እነዚያ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀች። አብዛኞቹ አልነበሩም አላት፤ ጥንቁቅ፣ ሥርዓት ያላቸው፣ አገር የምንጠቅም መስሏቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ብታዪው ያምራል።

አንድ ስህተት አገኘሁበት። ድብቅ ባሕርይ በልጅ ልጅ ላይ ይጠፋል አለ። እጄን አወጣሁ። አይጠፋም፣ ይደበቃል እንጂ፤ ሰዎቹም ያልገባቸው አንዱ ነገር ይኸው ነው አልኩ። አለልኝ ሳቀ።

«አያችሁት? ይህ ሰውዬ ጡረታም ወጥቶ ቀይ እስክሪብቶውን አልጣለም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ጭብጨባ። ቆመው። ለሱ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር የመምህር አለልኝን ንግግር ሰሙት ወይ አለችኝ። ልጇ ነግሯት። እኔ ያስተማርኩትን የትኛው ልጅ ለእናቱ ነግሮ ያውቃል? ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። በሁለተኛው ወር ቆመ። ለሱ ጋቢ አለበሱት፤ አሁንም ይለብሰዋል። ሆን ብሎ ነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ጧት

ደብተር፣ ስማኝ! አቶ ጓዴ የሚባሉ ገበሬ ከቡሬ ገጠር መጡ። ማር ይዘው። ልጃቸውን ሰብለን የሚያጭ ወጣት አለ፤ ሰባት ቤት ይቁጠሩልን አሉ። ወጣቱ የማን ልጅ ነው? የአለልኝ!

ቆጠርኩ። በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት አይነካኩም። ሰውየው ግን አልተነሡም። ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዲያው መምህር... አጥንቱስ?»

የአለልኝ ገጽ 46 ነው። የእናቱ እናት ክብ፤ አጠገቧ ቀይ ነጥብ። ሸክላ ሠሪ። ከማን ሰማሁት? ከራሱ። ጎልማሶች ሳለን ፈተና ልናስፈትን ቡሬ ሄደን አንድ ክፍል ስንጋራ አጫወተኝ። አያቴ ይህን የመሰለ ማሰሮ ትሠራ ነበር ብሎ በእጁ አሳየኝ። አደራም ብሎኛል። በሳምንቱ ነጥቡን አስቀመጥኩ። መዝገብ ጎዶሎ አይሆንም ብዬ።

ለአቶ ጓዴ የሚጣራ ነገር አለ፣ የዛሬ ሳምንት ይመለሱ አልኳቸው።

ከሰዓት። ዛሬ ምሳ ጣመኝ። ይጨበጨብለታ! አንድ ቃል ከአፌ ብትወጣ ልጁ ከሰብለ ይቀራል፤ ያ ጋቢ ለባሽ ምክንያቱን እንኳ አያውቅም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ለየሺ ነገርኳት። እንደኔ ደስ የሚላት መስሎኝ። ጎመን መቀንጠሱን አላቆመችም። ሙሉነሽን ታስታውሳለህ? አለችኝ።

አስታውሳለሁ። ተማሪዬ ነበረች። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የእጮኛዋ አባት ስለ አጥንቷ ጠየቁኝ። አያቷ ጣታቸው የተቆረጠ ነው አልኩ። ማጨቱ ቀረ። ወሬው ከመናኸሪያው አልፎ ገጠር ገባ። ሌላ ጠያቂ አልመጣም። ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች።

እኔ ምን አጠፋሁ? የተጠየቅሁትን መለስኩ። እውነት ነበር።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6 ሰ.

ሱሪ ማሳጠር አስፈልጎኝ አልነበረም። ይዤ ሄድኩ።

ሙሉነሽ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ። ሜትሩ አንገቷ ላይ። ይቀመጡ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ የሺ ደኅና ናቸው? ሱሪውን ለካች፣ በኖራ ምልክት አደረገች። ስለ አለልኝ ንግግር አነሣሁ። ለምን እንዳነሣሁ አላውቅም። የእህቷ ልጅ እንደነገራት አለች። የስፌት መኪናውን ጎማ በእጇ ያዝ አድርጋ አቆመችው።

«መምህር፣ ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ ይመጣል፣ በዘር አይወርድም ብለው ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት። አሥረኛ ክፍል። ፈተና ላይ ጻፍኩት፤ ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ።»

ድምጿ ላይ ቁጣ የለም። እንዲያውም ፈገግ አለች። ከዚያ መኪናዋን ማንቀሳቀስ ቀጠለች። ሱሪውን ሰኞ ይውሰዱት አለችኝ።

ጧት ሰሌዳ ላይ ባክቴሪያ ጻፍኩ። ማታ መዝገብ ላይ ነጥብ አስቀመጥኩ። በአንድ እጅ። ሁለቱን አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አላየኋቸውም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ምንም አልጻፍኩም። ነጥቦቹን ቆጠርኩ። ቁጥሩን አልነግርህም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ፣ ከጧቱ 4 ሰ.

አቶ ጓዴ በሰዓታቸው መጡ። ሰባት ቤት ንጹሕ ነው፣ ዘመድ አይደሉም፣ ይጋቡ አልኳቸው። አጥንት ግን ከእንግዲህ አልቆጥርም፤ ሸክላ መሥራት በደም አይወርድም፣ ቡዳ የሚባል ነገርም በሳይንስ የለም። እንደ ክፍል አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ፣

«ካልነገሩኝማ አለ ማለት ነው» አሉ።

ይህን አላሰብኩትም። ዝምታዬም ነጥብ ነው! ዱላቸውን አንሥተው ሊነሡ ሆነ። የማልኮራበት ነገር አደረግሁ። አቶ ጓዴ፣ የርስዎም ገጽ እኮ እዚሁ አለ፤ ያንን ያነበብኩ እንደሆነ ይህንንም አነባለሁ አልኩ። መዝገቡን አልገለጥኩም።

ዱላቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ዘመድ ካልሆኑስ ይበቃል» አሉ። «ለጥር እንደግሳለን እንግዲህ።» ዛሬም ያመጡትን ማር ትተው ሄዱ።

ለመጨረሻ ጊዜ በነጥቡ አስፈራራሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ረፋድ

ተማሪዎቹ አለልኝን ሁለተኛ ንግግር ጠይቀውታል። ርዕሱ፦ ይህ ነገር በኛስ አለ? ይኸው መዝገቤ። ከሱ የተሻለ ማስረጃ ከየትም አያመጣም።

መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ። እኔ ራሴ ልቁም፣ እኔ ላሳይ። ስህተቱን የሚናዘዝ አሮጌ መምህር። ፀጥ ይላሉ። ከዚያ ቆመው ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ጣፈጠኝ። በነውሬም ሊጨበጨብልኝ! ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

አይደለም። አለልኝ ያቅርበው። የሱን አያት ነጥብ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። አደራውን እንዳፈረስኩም። ይቆጣ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ሦስት ቀን የፈጀ ሥራ። በየገጹ ስሞቹን በጥቁር ቀለም ሸፈንኩ፤ ብርሃን ላይ እየያዝኩ አረጋገጥኩ። አራት ማዕዘኑ፣ ክቡና ነጥቡ ብቻ ቀሩ። የሙሉነሽን ገጽ ቀደድኩት። ነገ፣ ባለፈው ሰኞ ሳልወስድ የቀረሁትን ሱሪ ስወስድ እሰጣታለሁ፤ ምድጃ ውስጥ ትክተተው፣ ወይ ታስቀምጠው። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም። ከሷ ቀጥዬ አለልኝ ቤት።

ይጨበጨብለት። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ይቆጨኛል፤ አልዋሽህም፣ ከወዲሁ ቆጭቶኛል።

አንድ ስም አልተሸፈነም። ሽፋኑ ላይ ያለው፤ በራሴ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ በማስመሪያ የተሠመረበት። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ብሩሹም እጄ ላይ ነው። አልነካውም። ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ ከጎኑ አንድ ነጥብ አስቀመጥኩ።